ፖዝ የሌለው ሰማይ

ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሮጥበት ቦታ አለው። አንዱ ራሱን ይይዛል፣ አንዱ ደረቱን ይመታል፣ አንዱ አጠገቡ ያገኘውን ሰው እጅጌ ጨምድዶ ይይዛል። ወፌ ስትደነግጥ ያደረገችውን ግን ከእሷ በፊት ያደረገው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የበረራ አስተማሪዋን ጉልበት በአንድ ጣቷ ጫን አደረገችው። ያውም አየር ላይ፣ ማኮብኮቢያው ከፊታቸው ወለል ብሎ በቀረበበት፣ ነፋስ የግራውን ክንፍ ከሥር ብድግ ባደረገበት ቅጽበት።

ጉድ እኮ ነው። ግራ እጇ መሪውን ይዟል፣ ደግ። ቀኝ እጇ ስሮትሉ ላይ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል የሚጨምረውና የሚቀንሰው ዘንግ ላይ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ዘንጉን ጥሎ ወደ ቀኝ ሄደና፣ ደጅ ቆሞ ደወል እንደሚደውል እንግዳ፣ የአስተማሪዋን የካፒቴኑን ጉልበት ተጭኖ ጠበቀ። ምንም የሆነ ነገር የለም። ክንፉ ማጋደሉን ቀጠለ፣ መሬቱም መምጣቱን ቀጠለ። ካፒቴኑ "እኔ ይዣለሁ" አሉና መሪውን ተቀብለው አሳረፉ።

ካፒቴኑ ዕድሜያቸውን አየር ላይ የጨረሱ፣ ጡረታ አፋፍ ላይ የደረሱ፣ ተቆጥተው እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። በበረራ ትምህርት ቤቱ ካፒቴን ሞልቷል፤ ስም ሳይጠራ "ካፒቴን" ከተባለ ግን እሳቸው ናቸው። ሞተሩን አጥፍተው፣ የተጫነውን ጉልበታቸውን አየት አድርገው፣ ምን ፈልገሽ ነው ብለው ጠየቋት። ወፌ አላውቅም አለች። እውነቷን ነው፣ አላወቀችም።

ያወቀችው በሁለተኛው ጊዜ ነው። ከፍ ብላ መጥታ፣ ማኮብኮቢያው ከአፍንጫዋ ሥር ሊያመልጣት ሲል፣ ያው ጣት ያንኑ ጉልበት ተጫነ። አሁን ግን ጣቷን አየችውና የት እንደምታውቀው ትዝ አላት። ቤቷ ባለው ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በስክሪን በምትለማመድበት መሣሪያ፣ ከስሮትሉ ቀጥሎ በስተቀኝ ኪቦርዱ ነው ያለው። ኪቦርዱ ላይ ደግሞ አንዴ ከተጫኑት ሁሉን ነገር ቀጥ የሚያደርግ አንድ ፊደል አለ፤ ፖዝ። ለካ ጣቷ የካፒቴኑን ጉልበት ሳይሆን ሰማይን የሚያቆመውን ፊደል ነበር የፈለገው። ምድር ብትውጣት በወደደች። ግን መዋሸት አትወድምና ለካፒቴኑ እንዳለ ነገረቻቸው። በአጠገባቸው የሚያልፍ አንድ ሰልጣኝ ሰማ፤ ምሳ ሳይደርስ ትምህርት ቤቱ በሙሉ "ፖዝ" ይላት ጀመር።

ወፌ የሚለውም ቢሆን መዝገብ ላይ የሰፈረ ስሟ አይደለም። እናቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞተች ያሳደጓት ልብስ ሰፊ አክስቷ ናቸው፤ ቤታቸው ያው ስፌት ቤታቸው ነው። ልጅቷ የስፌት መኪናውን እግር ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመች ቀን፣ ልብስ ልትለካ የመጣችው ደንበኛ ሁሉ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" እያለች አጨበጨበች። ልጅቷ ያን ቀን ቆማ ቀረች፣ ስሙም አብሯት ቀረ። አክስትየዋ ስፌት ቤታቸውን በሕመም ዘግተው አያውቁም፣ በሐዘንም ዘግተው አያውቁም። ያሳደጓትም፣ ያስተማሯትም፣ ለበረራ ትምህርት ቤቱ የከፈሉላትም ከዚያችው መኪና ላይ ሳይነሱ ነው።

ሲሙሌተሩን ደግሞ ሁለቱ አክስትና ልጅ ጥግ ላይ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጎን፣ ከየትም ለቃቅመው ነው ያቆሙት። ወንበሩ ከተዘጋ ፀጉር ቤት የመጣ ነው፤ ሲቀመጡበት አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል። መሪው ሁለተኛ እጅ ነው። በእግር የሚረገጡትን ፔዳሎች ጎረቤት ያለው በያጅ ሠራላት። ሦስቱ ስክሪኖች አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ገርጣ ያለ ነው፤ ስለዚህ ወፌ ወደ ግራ በዞረች ቁጥር ንጋት ይመስላል፣ ወደ ቀኝ በዞረች ቁጥር ምሽት። ከወንበሩ ኋላ ልብስ የሚለካባት እጅም ጭንቅላትም የሌላት አሻንጉሊት ትቆማለች። አክስትየዋ "ተሳፋሪዋ" ይሏታል። ወፌ ስታሳርፍ ዱብ ካደረገችው፣ ተሳፋሪዋ ቅር ብሏታል፣ ሁለተኛ በአንቺ አልሄድም እያለች ነው ብለው ያሾፉባታል።

እውነት እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያ የፀጉር ቤት ወንበር ባለውለታዋ ነው። ወፌ ትምህርት ቤት የገባች ቀን ሌሎቹ ሰልጣኞች ጌጆቹን፣ ከፊታቸው የተደረደሩትን መለኪያዎች እያዩ ዓይናቸው ሲዋልል፣ እሷ የቱ ከፍታ፣ የቱ ፍጥነት፣ የቱ አቅጣጫ እንደሆነ እንደ መዳፏ ታውቃለች። ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር በሬዲዮ ሲነጋገሩ ሌላው ምላሱ ሲተሳሰር፣ እሷ ከአክስቷ ጋር ተለማምዳዋለች። አክስትየዋ መርፌ በአፋቸው እንደያዙ "ማማ ነኝ፣ ለማረፍ ተፈቅዶልሻል" ሲሏት ነው የኖረችው። ካፒቴኑም የት ነው የተማርሽው ብለው ተገርመው ነበር።

አንድ ነገር ግን ያ ወንበር አልነገራትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛው አውሮፕላን ከካፒቴኑ ጋር የተነሳች ዕለት፣ ጎማው መሬት ሲለቅ ሆዷ ወደ ታች ወረደ፣ ልቧ ወደ ላይ ወጣ። ቀና ስትል ሰማዩ ጠርዝ የለውም። እሷ የምታውቀው ሰማይ ሦስት ሣጥን ነበር፤ ከሣጥኑ ውጭ ግድግዳና የተንጠለጠለ ልብስ ነው። ይኼ ግን በጎንም አለ፣ በላይም አለ፣ ዞር ስትል ከኋላም አለ። ከታች የደመና ጥላ በማሳው ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መንገድ ሲደርስ መኪና አሳልፎ አይጠብቅም፣ ወንዝ ሲደርስ አይረጥብም፤ ዝም ብሎ ይሻገራል። ያንን ጥላ ስታይ እንባዋ መጣ። ማማው ሁለት ጊዜ ጠርቷት አልመለሰችም። ካፒቴኑ ሬዲዮውን አንስተው በእሷ ፈንታ መለሱና፣ "እይው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት አንዴ ብቻ ነው" አሏት። ወፌ ከዚያ ቀን ወዲህ በሕይወቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እዚያ ተመልሳ መውጣት፣ ብቻዋን።

እንግዲህ በሦስተኛው ጊዜ ጣቷ ጉልበታቸውን ሲጫን ካፒቴኑ አልሳቁም። አውሮፕላኑን ካቆሙ በኋላ ከክንፉ ጥላ ሥር አስቀምጠው አነጋገሯት። ወፌ ቀድማ፣ ያንን ሲሙሌተር ዛሬውኑ ነቅዬ ልጣለው ወይ ብላ ጠየቀች።

"እንዳታደርጊው" አሉ ካፒቴኑ። "ሬዲዮውንም፣ ጌጁንም ያስተማረሽ እሱ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል አልሰማሽም? እስከዚህ አድርሶሻል። ግን አንድ ውሸት አስተምሮሻል፤ ሰማይ ይቆማል ብሎሻል። ይህን ሳምንት ከእኔ ጋር አትበሪም። ቤትሽ ሂጂና ውሸቱን እዚያው በተማርሽበት ወንበር ላይ አራግፊው።"

ከዚያ የሚቀጥለውን በቀስታ ነገሯት። ከሳምንቱ በኋላ አንድ ጊዜ አብረው ይበራሉ። ያ እጅ ያለ ሥራው ከስሮትሉ ከተነሳ፣ ብቻዋን እንድትበር አይፈርሙላትም። ብቻውን መብረር ያልቻለ ሰልጣኝ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ደንብ ይሰናበታል። "ብቻሽን ስትሆኚ" አሉ ካፒቴኑ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ "እዚያ የምትጫኚው ጉልበት እንኳ የለም።"

ወፌ ቤቷ ገብታ ለአክስቷ ትንፍሽ አላለችም። የሳምንት ዕረፍት ተሰጠን ብላ አለፈችው። በማግስቱ ጠዋት ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ተነሳች፣ ዞረች፣ ለማረፍ ቁልቁል ጀመረች። እጄ ሆይ ዛሬ እንተያያለን አለች በሆዷ። አፍጥጣ እየጠበቀችው ነው፤ እጁ ንቅንቅ አላለም። በጣም ጥሩ። ማኮብኮቢያው እየሰፋ፣ እየቀረበ መጣ።

"ወፌ! ክር አስገቢልኝ።"

"አቤት!" አለች ወፌ። ስክሪኑ ቀጥ አለ። አውሮፕላኑ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ሸሚዝ አየር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከወንበሩ ወርዳ፣ መርፌዋን ከአክስቷ እጅ ተቀብላ፣ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርሳ፣ በቀዳዳው አሾልካ ሰጠቻቸው። ተመልሳም ተቀመጠች። አውሮፕላኑን ከተሰቀለበት ልታወርደው ጣቷን ስትሰድ፣ ጣቷ ያቺ ፊደል ላይ እንደቆመ ደርቃ ቀረች።

እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሌባው እሱ ነው። አክስቷ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ መነጽራቸው ሩቁን እንጂ የመርፌን ቀዳዳ አላሳይ ካላቸው ወዲህ፣ በቀን ስንቴ ነው "ወፌ፣ ክር" የሚሏት? ለሱሪው ጫፍ፣ ለቀሚሱ ወገብ፣ ለሸሚዙ አንገትጌ። ጠሯት በተባለ ቁጥር እሷ አቤት ትላለች፣ ጣቷ ሰማዩን ያቆማል። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላሉ፤ የእሷ ልማድ ግን ከማዕድ ያሰረቀ አይደለም። ሲጠሯት በመሄድ ነው የመጣባት። ይኼ ነገር መጀመሪያ አሳቃት፣ ከዚያ ያው ሳቅ እዚያው አፏ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ።

አክስቷ ስፌቱን ጥለው መጡ። በፊታቸው አልቅሳ የማታውቅ ልጅ ናት፣ ስለዚህ ደነገጡ። ወፌ ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻለችም፤ ጉልበቱንም፣ ፖዙንም፣ የካፒቴኑንም ማስጠንቀቂያ ዘረገፈችው። ክሩን ብቻ ልትዘል አስባ ነበር። ግን አክስትየዋ ሞኝ አይደሉም፤ የቆመውን ስክሪን አዩ፣ በእጃቸው ያለውን መርፌ አዩ።

"አውሮፕላንሽን የማቆመው እኔ ነኝ በይኛ" አሉ።

ወፌ አይደሉም፣ እርስዎ ምን አጠፉ ብላ ተንሰፈሰፈች። አክስትየዋ በእጃቸው አስቆሟት። ስጠራሽ አቤት እንድትይ አድርጌ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የሠራሁትን እኔው እተረትረዋለሁ አሉ። የተበላሸ ስፌት መተርተር ደግሞ ሙያቸው ነው። መተርተሪያቸውን አምጥተው ያቺን ፊደል ከኪቦርዱ ነቅለው፣ ቁልፍ ከሚያጠራቅሙበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣሏት። ጣቷ ግን ባዶውን ጉድጓድ ተጫነ። አክስትየዋ አሁንስ አበዛው አሉና በጉድጓዱ ላይ የመርፌ መሰኪያቸውን፣ መርፌዎቹ እንደተሰኩበት አስቀመጡ። ወፌ አንዴ ስትወጋ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ጣቷ እዚያ አልደረሰም፤ ነገር ግን እጇ አሁንም ስሮትሉን እየለቀቀ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የፈራ እጅ ሆነ እንጂ የሚቀመጥ እጅ አልሆነም።

አክስትየዋ ይህን ሲያዩ የመርፌ መሰኪያቸውን አነሱ። ነገሩ ጣቷ ሳይሆን ጥሪው መሆኑ ገባቸው። ቀጥለው ያሉት ለሁለቱም ከባድ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እጠራሻለሁ፣ አንቺ አትመጪም አሏት። መርፌና ክር ይዤ አጠገብሽ እቆማለሁ፣ አንቺ መጀመሪያ ታሳርፊያለሽ፤ መልስሽም "አርፌ እመጣለሁ" ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥቃይ ነበር። አክስቷ "ወፌ፣ ክር" ብለው ጎኗ ሲቆሙ ጀርባዋ በላብ ይርሳል። ያቺ መርፌ ለብቻዋ ከአውሮፕላኑ ሁሉ ትከብዳለች። ሁለቴ ዘላ ተነስታ አውሮፕላኑን ሜዳ ላይ ከሰከሰችው፤ ፖዝ የለማ። በሦስተኛው ግን እጇን ስሮትሉ ላይ እንዳሳረፈች፣ ሳትዞር "አርፌ እመጣለሁ አክስቴ" አለች። በሕይወቷ ለእሳቸው የመለሰችው የመጀመሪያው እምቢታ ይኼ ነው። አክስቷ መርፌና ክራቸውን ይዘው ቆሙ። ጎማው መሬት እስኪነካ፣ አውሮፕላኑ ሮጦ ሮጦ እስኪቆም ድረስ ንቅንቅ አላሉም። ፊታቸው ላይ ቅያሜ ይኖራል ብላ ዞር ብትል፣ አፋቸውን ከፍተው ስክሪኑን እያዩ ነው።

"ለካ እስከዛሬ አንድም ቀን ስታርፊ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ሁልጊዜ እኔው ነኛ የማቋርጥሽ።"

ከዚያ ወዲያ አክስትየዋ ሥራዬ ብለው ያዙት። በቁጣ ይጠሯታል፣ በልመና ይጠሯታል፣ መቀስ ያለበትን የብረት ሳህን ከኋላዋ ይለቁታል። ወፌ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንዲት የሙሽራ እናት ልብስ ልትለካ መጥታ ሦስት ጊዜ ሰላም ብላት መልስ ስታጣ፣ ይቺ ልጅ ደንቆሮ ናት ወይስ ጨዋ ያላሳደጋት ናት ብላ ጠየቀች። አክስትየዋ ሜትራቸውን ከሴትየዋ ወገብ ላይ ሳያነሱ፣ "ዝቅ አድርገው ይናገሩ፤ እሷ አየር ላይ ናት" አሏት። ኋላ ሴትየዋም ቆማ ታይ ጀመር። ልጅቷ ስታርፍ ሁለቱም አብረው ነው የተነፈሱት።

ሳምንቱ አለቀ። ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት ወፌና ካፒቴኑ ተነሱ። ካፒቴኑ ምንም አልማሯትም። አንዴ ስሮትሉን ወደ ኋላ ጎትተው ሞተሩ ጠፍቷል እንበል አሏት፤ እንደ ወፍ አንሳፍፋ አሳረፈችው። አንዴ የቁልፍ ዘለላቸውን ከእግሯ ሥር ጣሉ፤ ዓይኗም አልሄደም። በመጨረሻው፣ መሬቱ እየተጠጋ፣ ማኮብኮቢያው መስታወቱን ሲሞላ፣ ድንገት ዞረው፣ አክስትሽ ደህና ናቸው ወይ ብለው ጠየቋት። ለአክስት ደህንነት መልስ መንፈግ ለወፌ ቀላል አይደለም። "አርፌ እነግርዎታለሁ ካፒቴን" አለች። እጇ ከስሮትሉ አልተነሳም። ካፒቴኑ ፈገግታቸውን እንዳታይባቸው ፊታቸውን በጎን መስኮት በኩል አዞሩ።

ካረፉ በኋላ ግን ወደ ማቆሚያው አልመለሷትም። ከማኮብኮቢያው ዳር፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቀበቷቸውን ፈቱ። ካፒቴኑ ወርደው፣ የወንበራቸውን ቀበቶ በባዶው ወንበር ላይ መልሰው ቆለፉትና በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ጎንበስ አሉ።

"እኔ ስለሌለሁ አውሮፕላኑ ይቀላል፣ ቶሎ ይነሳብሻል። ይህን ሲሙሌተርሽም ነግሮሽ ይሆናል" አሉ። "ሌላውን ግን ማንም አይነግርሽም።" በሩ ተዘጋ።

ወፌ ብቻዋን ቀረች። ማማው ፈቀደላት። ስሮትሉን ገፋች፣ አውሮፕላኑ ሮጠ፣ ካፒቴኑ እንዳሉትም ገና ሳትጠብቀው ከመሬት ብድግ አለ። ወደ ቀኟ አየች። ወንበሩ ባዶ ነው። ቀበቶው ማንንም ሳያስር ተቆልፏል፤ ያ የምታውቀው ጉልበት የለም። ይህን ያህል ባዶ ነገር አይታ አታውቅም። ፈራች፣ ደስ አላት፣ እንደገና ፈራች። ሁሉንም በአንድ ላይ።

ዞራ ለማረፍ መጣች። ፍጥነቷ ልክ ነው፣ ከፍታዋ ልክ ነው፣ ነፋሱም እንደ ደግ ሰው አደብ ገዝቷል። ማኮብኮቢያው ሰፋ፣ ቀረበ። ጎማ አስፋልቱ ላይ የጣላቸው ጥቁር ምልክቶች ሳይቀሩ ታዩ። ከእነዚያ መሃል አንዱ ተነስቶ ተቀመጠ።

ውሻ ነው። ከየት እንደመጣ እሱ ይወቅ፤ አጥር ሾልኮ ገብቶ አስፋልቱ ሞቅ ቢለው መሃል ላይ ተጋድሞ ነበር። አሁን ቁጭ ብሎ፣ የሚመጣበትን አውሮፕላን አንገቱን ዘመም አድርጎ ያያል። ማማውም በዚያው ቅጽበት አየው። "አታርፊ! ተነሺና ዙሪ" አላት በሬዲዮ።

እንግዲህ እጅ የሚሮጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ወፌም ሲሮጥባት ተሰማት፤ ከትከሻዋ ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ ወደዚያ ወደ ባዶው ወንበር የሚስብ ነገር መጣባት። ጮክ ብላ፣ ማንም በሌለበት፣ "አርፌ እመጣለሁ!" አለች። እጇ ስሮትሉን ጨብጦ እስከ መጨረሻው ገፋው። ሞተሩ አገሳ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ሰማይ አቀናች። ውሻው፣ አስፋልቱ፣ ሣሩ፣ አጥሩ ተራ በተራ ከሆዷ ሥር አለፉ።

ያን ጊዜ ነው ካፒቴኑ ማንም አይነግርሽም ያሉት የመጣው። ወደ ላይ እየወጣች ወደ ታች ተመለከተች። የምታየው ነገር ሁሉ እየሄደ ነው። የደመናው ጥላ ማሳውን እያቋረጠ ነው። በአንድ ጣሪያ ላይ የተሰጣ አንሶላ ይውለበለባል፣ ከአንድ ጭስ ማውጫ ጭስ ይነሳል፣ አንድ አውቶቡስ ድልድይ ይሻገራል፣ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ወደ አጥሩ ይሮጣል። አንዱም እሷን አልጠበቀም። አንዱም ቆይ አላላትም። ፀሐይዋ እንኳ ከተነሱበት ሰዓት ወዲህ ፈቀቅ ብላለች። ይህ ሁሉ፣ ይህ ያህል ትልቅ ነገር፣ ከተፈጠረ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ እሷም አሁን ከውስጡ አብራ እየሄደች ነው። እስከዛሬ የሚያቆመው ፊደል ስለነበራት ነው ሰማይን ያላየችው። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ ልትጠርገው እጇን አላነሳችም። ወይ ግሩም፣ ወይ ግሩም አለች ለራሷ።

ዞረች። እንደገና መጣች። ማኮብኮቢያው ባዶ ነበር። ጎማዎቹ መሬቱን በቀስታ ሳሙት፤ ተሳፋሪዋ ብትኖር ኖሮ ቅር የሚላት ነገር አልነበረም።

ሞተሩን አጥፍታ ስትወርድ ክንፉን ተደግፋ ቆመች። ካፒቴኑ በሜዳው በኩል እየመጡ ነው፤ ከጎናቸው አንዲት ሴት ፈጠን ፈጠን ይላሉ። አክስቷ ናቸው። ለካ ካፒቴኑ ትናንትናውኑ ስልክ ደውለው ጠርተዋቸው ኖሯል፤ አክስትየዋም ከማለዳ ጀምሮ አጥሩን ይዘው ቆመው ነበር። ውሻውንም አይተዋል። ያን ጊዜ የአጥሩን ሽቦ እንዴት እንደጨበጡት መዳፋቸው ላይ ምልክቱ አለ።

አጠገቧ ሲደርሱ ክንፉን ተደግፋ መቆሟን አዩና፣ "ወፌ ቆመች" አሉ። ግን አላቀፏትም። ልብስ ሰፊ ናቸውና መርፌ ከደረታቸው አይጠፋም፤ ከኮታቸው ላይ አንዲቱን ነቀሉ፣ ከኪሳቸው ክር መዘዙ።

"አረፍሽ?"

"አረፍኩ አክስቴ።"

"እንግዲያው አስገቢልኝ።"

ወፌ መርፌውን ተቀበለች። የክሩን ጫፍ ወደ ከንፈሯ ወሰደች፤ አፏ ደርቋል። ወደ ቀዳዳው ሰደደችው፤ በስተግራ አለፈ። ደገመችው፤ በስተቀኝ አለፈ። ያ በውሻው ፊት ከስሮትሉ ያልተነሳው እጅ አሁን ከአንጓው ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፣ ጭራሽ አልታዘዝ አለ። ካፒቴኑ ሰማዩ ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል አንጋጠው ቆሙ። ወፌ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ አለቀሰች፣ "አልቻልኩም አክስቴ" አለች።

አክስቷ ሁለቱንም እጆቿን ከነመርፌው፣ ከነክሩ በእጆቻቸው መሃል ያዙ።

"ተይው ይቆይ" አሏት። "ዛሬ የምሰፋው የለኝም። ቤቱን ዘግቼው ነው የመጣሁት።"